የማይጎብጠው ካሊሜኔ

አብደላን የመካኒሳ አቦ ሰው የሚያውቀው በፍራሹ ነው። እሱ የሞላው ፍራሽ አይጎብጥም። ጥጡን በጉልበቱ እየተጫነ ይጠቀጥቀዋል፤ ሰርግ ያለበት ሁሉ ከፉሪ ድረስ እሱን ብሎ ይመጣል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ መርጃ በእጃቸው ሠርተው ኤግዚቢሽን በሚያሳዩበት ወቅት፣ የባዮሎጂ መምህሩ ወጋየሁ አንድ ሥዕል ይዞ ሱቁ ገባ።

«ጋሼ አብደላ፣ ይህን በጨርቅ ይሰፉልኛል?»

«በረሮ ነው?»

«ትሪሎባይት ነው፤ የባሕር ፍጥረት። ዳይኖሰር እንኳ ሳይመጣ ዘሩ የጠፋ። ነገዱ እነሸርጣን ካሉበት ከአርትሮፖዳ፣ መደቡ ትሪሎባይት፣ ቤተሰቡ ካሊሜኒዴ፣ ወገኑ ካሊሜኔ።»

የአብደላ ሚስት ቀመሪያ ከጥጡ ክምር ቀና አለች። «መምህር፣ ልትድረው ነው እንዴ ዘሩን እንዲህ የምትቆጥርለት?»

ወጋየሁ እየሳቀ በጣቱ አሳየ። ቅርፊቱ በቁመቱ ለሦስት ይከፈላል፤ መሀሉ ጉብታ፣ ግራና ቀኙ ክንፍ መሳይ፤ ትሪሎባይት፣ ባለ ሦስት ክፍል፣ የተባለውም ለዚህ ነው። ራሱ ላይ ወደ ፊት የሚጠብ እብጠት አለ። ወገቡ አሥራ ሦስት ቀለበት፣ ጅራቱ አንድ ትንሽ ጋሻ። ከሥሩ የሰፋው ሰው ስም እንደሚጻፍ ሲነግረው አብደላ ሜትሩን አነሳ።

ግራጫ ካኪ ቆርጦ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ሰፋ፤ እንደ ፍራሹም ጥጥ ጠቅጥቆ ሞላው፤ ለዓይኖቹ የካፖርት ቁልፍ ተከለ። በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ ወጋየሁ መጥቶ አየና ደስ አለው። ከዚያ ሊጠቀልለው ሞከረ። እምቢ! በጉልበቱ ቢጫነው ተፈናጥሮ እሱኑ ጥጡ ላይ ጣለው።

«የሰሚር አባት፣ አውሬውን አልጋ አደረግከው!» ቀመሪያ ባሏን እያየች በሳቅ ፈረሰች።

«መጠቅለል አለበት እንዴ?» አለ አብደላ።

«አልነገርኩዎትም? ጠላት ሲመጣበት ጅራቱን ከራሱ ሥር ወትፎ ድብልብል ይላል። ነገ ዳኞቹ ፊት የማሳየው ይህንኑ ነው። ትንሽ ያላሉልኝ።»

አብደላ ፊቱ ተለወጠ። «ስሜ ተጽፎበት? አንዱ ጫን አድርጎ ‹አብደላ ጥጥ ይሰርቃል› ቢልስ?»

«ጋሼ፣ ይህ ፍጥረት የሚድነው በመጎበጡ ነው።»

አብደላ ሥዕሉን ብዙ አየ። በመጨረሻ መቀሱን አንስቶ የሆዱን ስፌት ተረተረ። ጉብታውን አልነካም፤ ከየመገጣጠሚያው ብቻ፣ ጥርሱን እንደሚነቅል ሰው ፊቱን እያኮማተረ፣ ጥጥ አወጣ። ሰፍቶ ጅራቱን ወደ አገጩ ሲስበው እንስሳው ጥቅልል አለ። ዘረጋው። ደግሞ ጠቀለለው። ሦስተኛውን ዙር ራሷ ልትጠቀልለው ቀመሪያ ነጠቀችው።

በማግስቱ አብደላ የሰርግ ኮቱን ለብሶ ከካሊሜኔው አጠገብ ተገተረ። አንድ እጅ በተዘረጋ ቁጥር «ጓድ፣ እዚህ ጋ ተጫን፣ መሀሉን! ድንጋይ አይደለም?» ይላል። ገና መምህሩ አፉን ሳይከፍት አብደላ ቀለበቱን ራሱ ቆጥሮ፣ ጠላቱን ራሱ አምጥቶ፣ ራሱ ይጠቀልለዋል። ዳኞቹ አጨበጨቡ።

አንዱ ዳኛ ግን ከካሊሜኔው ጎን የተንጠለጠለውን፣ ጥጥ የተሞላ ላስቲክ አየና፣ «ይሄኛውስ የትኛው አካሉ ነው?» አለ።

«እሱ አካሉ አይደለም ጓድ፤ ከውስጡ ያወጣሁት ጥጥ ነው፤ ምንም አልጎደለም። ስሜ ነው እሱ።»

ዳኛው ላስቲኩን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ በአክብሮት መልሶ ሰቀለው።