የባለቅንድቡ ቴስታታ

ጭነት አውራጆቹ ሾፌሩን «ቀንድ አውጣ» ይሉት ነበር፤ ቤቱን ተሸክሞ የሚዞር ለማለት። ስሙ የወጣለት ሚስቱ ካረፈች በኋላ ነው። የኪራይ ቤቱን ለአከራዩ አስረክቦ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ መኖር ጀመረ። ከወንበሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ይተኛል፣ በጎን መስታወት ጺሙን ይላጫል፣ ሸሚዙን አጥቦ በሩ ላይ ያሰጣል። አልከፋውም። ቢከፋውም የሚነግረው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ረጅም ዳገት ሲወጣ የውሃ ቱቦው ፈነዳ። የሙቀት መለኪያው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ ያወቀው ሞተሩ መንኳኳት ሲጀምርና ነጭ ጭስ ፊቱን ሲሸፍነው ነው። ማንንም ወደማያውቅባት ከተማ ጎትተው ጋራዥ አስገቡት።

የጋራዡ ባለቤት ወሬ የማታበዛ ሴት መካኒክ ናት። ሞተሩን ለመክፈት ጋቢናውን ወደ ፊት ስትደፋው ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ ጫማው ሁሉ ተንሸራቶ የፊት መስታወቱ ላይ ተከመረ። ሾፌሩ ቆሞ አየው።

«ጋሼ፣ ዕቃዎን ቢያወጡት ይሻላል፤ ይሄ ሥራ ይቆያል» አለችው።

«የት ልውሰደው?»

መካኒኳ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቀና ብላ አየችው። ከዚያ «ከጋራዡ ጀርባ የሚከራይ ክፍል አለ» አለች።

ክፍሉ ንጹህ ነበር፤ ግን ሰፋበት። እጁን ቢዘረጋ ግድግዳ አይነካም። አልጋውን ገፍቶ ጥግ አስያዘው፤ ያም አልበቃ ሲለው ወንበሩን አምጥቶ በሌላው ጎን አስጠጋው። ሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጁ ደወለላት።

«አባዬ፣ እስኪሠራ እኛ ጋ ና» አለችው። ከጀርባዋ ልጆቿ ይንጫጫሉ።

«ሞተሩን ለማን ትቼ?»

«እሱስ አንተ ባትኖር ይጠፋል እንዴ? … ቆይ አባዬ፣ ትንሿ ወደቀች፣ እደውልልሃለሁ።» በዚያ ቀን አልደወለችም።

ሞተሩ ተፈታ። «ፒስተንና ሲሊንደሩን እናድሰዋለን» አለች መካኒኳ። «የሚያስቸግረን የሲሊንደሮቹ ክዳን ነው፣ ቴስታታው። ይሄ ሞተር ግራና ቀኝ ሁለት ቴስታታ አለው፤ ሁለቱም ተሰንጥቀዋል። ብየዳ እንዳልልዎት፣ ዳገት ላይ ሲግል መልሶ ይከፈታል። አዲስ ማዘዝ ይቻላል፤ ይዘገያል። ወይ ከወደቀ መኪና ያገለገለ እንፈልግ።»

«ያገለገለው ይሻላል» አለ። የቸኮለው ለጋቢናው አልጋ ነበር።

ከከተማው ዳር ወደሚገኝ የወደቁ መኪኖች ግቢ ሄዱ። ሻጩ በዛጉ በሮችና በተከመሩ ጎማዎች መሀል እየመራ አንድ ሞተሩ ያልተነካ መኪና ጋ አደረሳቸው። ከፊት መብራቶቹ በላይ በጥቁር ቀለም ወፍራም ቅንድብ ተስሎበታል። ሾፌሩ ጠጋ ብሎ ቅንድቡን በእጁ ዳሰሰ።

ከዚህ መኪና ጋር ለዓመታት ረጅሙ የሜዳ መንገድ ላይ ይተላለፉ ነበር። እሱ መብራት ያበራል፣ ባለቅንድቡ ጥሩንባ ይነፋል፣ ከመስኮቱ አንድ እጅ ይወጣል። ሚስቱ የሞተች ሰሞን እንኳ ያ እጅ ወጥቶለታል። በኋላ መኪናው ከመንገድ ጠፋ፤ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

«አውቀዋለሁ» አለ።

«መኪናውን?»

«ሾፌሩን።» ትንሽ አሰበና፣ «ማለቴ፣ እጁን» አለ።

«ሰውዬው ደህና ነው» አለ ሻጩ። «ዓይኑ ቢደክምበት ሸጠው። ስልኩ አለኝ።» ደውሎ ሰጠው።

«ወንድሜ፣ ሜዳው ላይ የምንገናኘው ነኝ» አለ ሾፌሩ። «ሰማያዊው መኪና። መብራት የማበራልህ።»

«የቱ ሰማያዊ?» አለ ሰውዬው። «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ያላበራልኝ ሾፌር የለም። ሁሉም ቅንድቡን እያየ ይስቅ ነበር። አላስታወስኩህም።»

«ምንም አይደል።»

«ቴስታታውን ልትወስድ ነው?»

«አስቤ ነበር።»

«እንግዲያው የቀኙን ውሰድ፤ የግራውን ተወው። ሁለቴ ፈልቶብኝ ሁለቴ ፊቱ ተልጓል። አሁን ሳስቷል፤ ቢገጠምልህ ቫልቩ ወርዶ ፒስተኑን ይመታዋል። ለሻጩም ነግሬዋለሁ።»

ሾፌሩ የሰማውን ለመካኒኳ ሲነግራት ሻጩ ድንገት የጫማውን ማሰሪያ ማየት ጀመረ። መካኒኳ ሁለቱንም አስፈትታ ውፍረታቸውን ለካች። «እውነቱን ነው» አለች። «ቀኙ ልኩን አልለቀቀም፤ ከአዲስ ግራ ጋር ይሄዳል። አዲሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው እንጂ።»

«እጠብቃለኋ» አለ ሾፌሩ። የቀኙን እራሱ በትከሻው ተሸክሞ ወጣ።

መጠበቁ ረዘመ። ቀን ቀን ብሎኖቹን በናፍጣ እያጠበ በተራ ይደረድራል። ሲመሽ መካኒኳ በሩን ቆልፋ «ደህና ይደሩ ጋሼ» ትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ የሚያናግረው የለም። አዲሱ ቴስታታ የደረሰ ዕለት የእንጨቱን ሳጥን እራሱ ፈለቀቀው።

ሞተሩ መጀመሪያ አሳለ፣ አጨሰ፣ ከዚያ ተስተካክሎ ያዘ። መካኒኳ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና «ለጊዜው ባዶውን ይንዱት፤ አያስጨንቁት» አለች። ጋቢናው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሾፌሩ ገብቶ ስልኩን አወጣና ከሻጩ የተቀበለውን የባለቅንድቡን ሾፌር ቁጥር ደወለ። አንዲት ሴት አነሳች።

«ተኝቷል። ማን ልበለው?»

ስሙን ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው፤ ሰውዬው በስም አያውቀውም።

«ስለ ቴስታታው የደወለው ይበሉልኝ። ሞተሩ ተነስቷል ይበሉልኝ።»

«ስለ ምኑ?»

«ቴስታታ።»

«ቴስታታ» አለች፣ እንዳይጠፋባት። «እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

መልሶ ይደውል እንደሆነ ብሎ ጥቂት ቀን ስልኩን ከደረት ኪሱ አላወጣም። አልተደወለም። የመጀመሪያ ጭነቱ ወደ ልጁ ከተማ ሆነ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ደረሰ። ትንሿ የልጅ ልጁ ጭኑ ላይ ተቀምጣ በልታ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ልጁ እደር ብላ ለመነችው።

«መኪናውን ማን ይጠብቅልኛል?» አላትና፣ ሕፃኗን ሳይቀሰቅስ ሶፋው ላይ አስተኝቶ ወጣ።