ዳሚት የምትቆምባቸው ቦታዎች

በቅሎ ጨው ስትልስ ምላሷ ድንጋዩን እየፋቀ የሚያሰማው ድምፅ አለ። ዛሬም ገበያ ላይ ቅቤዬን በቅጠል ሸፍኜ በተቀመጥኩበት ያ ድምፅ ድንገት ከጀርባዬ ሲመጣ የያዝኩት ክርክር ይጠፋኝና ገዢው በጠራልኝ ዋጋ እሸጣለሁ። በንግድ የሚያሸንፈኝ ያ ድምፅ ብቻ ነው፤ ደንበኞቼ ባያውቁት ይሻለኛል።

አባቴ የደብረ ታቦር ነጋዴ ነበር፤ ከይፋግ ጨው እያመጣ፣ ከጉና ሥር ገብስ እየገዛ፣ እስከ ሐሙሲት እየወረደ የሚሸጥ፣ ነገር ግን ቀጥ ብሎ መሄድ የማይሆንለት ሰው። ሌላው ነጋዴ ማልዶ ተነሥቶ ገበያው ሳይደምቅ ይደርሳል፤ አባቴ ግን አንድ ገደል ሊያይ፣ አንድ ምንጭ ሊቀምስ ከመንገድ ወጣ እያለ፣ እኔን ከጭነቱ ላይ አስቀምጦ፣ ሰው ዕቃውን መሸካከፍ ሲጀምር ይደርስ ነበር። ጓደኞቹ ዛሬስ ምን አይተህ መጣህ እያሉ ያሾፉበታል፣ እሱም ያየውን አንድ በአንድ ይነግራቸዋል፣ እነሱም ሳይሰሙት ይበተናሉ። አንዱ ደግሞ ወንድ ልጅ አጥተህ ነው ወይ ሴት ልጅ የምታዞር ብሎት ነበር። «ወንድማ ቢሆን ወታደር ይወስድብኝ ነበር፤ ይህችን ማን ይወስዳታል» አለው አባቴ።

በቅሎአችን ጠጉሯ ቀላ ያለ ዳማ ስለ ነበረች ዳሚት እንላት ነበር። የአገሩ ነጋዴ ለበቅሎው ጨው የሚያልሰው በገዛ ደጁ ነው፤ ብትጠፋም ብትሰረቅም ጨው የቀመሰችበትን ስለማትረሳ ዞራ ትመጣለታለች። አባቴ ግን ደስ ባለው ቦታ ሁሉ ዳሚትን አቁሞ፣ ከአሞሌው ጫፍ ፈርፈር አድርጎ ድንጋይ ላይ ያሽላት ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር ሳትታዘዝ ታጥፋ ገብታ ትቆማለች። አሞሌ ያኔ ገንዘብ ነው፤ ጫፉ የተሸረፈ እንደሆነ ገበያ ላይ ፊት ይነሡታል። ስለዚህ እናቴ ገንዘባችንን በቅሎ ላሰችው እያለች ትነጫነጭ ነበር። አባቴም «እኔ እረሳለሁ፣ እሷ አትረሳም። እኔ ብሞት እንኳ ለየሻረግ እሷ ታሳያታለች» ይላት ነበር። የሻረግ እኔ ነኝ።

መስከረም አልፎ ጭቃው ሲጠነክር መጀመሪያ የምንወጣው ወደ ጉና ነበር። ገብሱን የምንገዛው ከሥሩ ነው፣ አባቴ ግን ገበሬዎቹን እዚያው አስጠብቆ፣ እጄ በብርድ እስኪደነዝዝ ሽቅብ ወጥቶ፣ የጅብራ ዛፎች በጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ተገትረው ከቆሙበት ሜዳ ያደርሰኝ ነበር። ዳሚት ራሷ ቀጥ ስትል ጋቢውን አዘቅዝቆ ጅብራዎቹን በየተራ እንደምን አደራችሁ ይላቸዋል። «እነዚህ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ግብር አይጠይቁም» ይለኝ ነበር።

በጋው ሲገፋ ደግሞ ወደ ሐሙሲት እንወርዳለን። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ድምፅ የሚመልስ ገደል ነበረ፣ ሌላው ነጋዴ ሰይጣን አለበት ብሎ እያማተበ ያልፈዋል። አባቴ አፋፉ ላይ ቆሞ የገብሱን ዋጋ ይጮኻል፣ ገደሉም ያንኑ ዋጋ ይመልስለታል፣ እሱም ወደ እኔ ዞሮ በዚህ አገር የማይከራከር ገዢ ይኸ ብቻ ነው ይል ነበር።

ክረምት ሲገባ ነጋዴ ሁሉ ቤቱ ይከተታል። ከጉና የሚወርድ አንድ ጅረት ግን ያን ጊዜ ነበር የሚያምረው፤ በበጋ ከገደሉ ላይ እንደ ክር የሚንጠባጠበው ውኃ እንደ መጋረጃ ሰፍቶ ይወርዳል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ደረቅ ዋሻ አለ። ያገኘችው ዳሚት ናት፤ ከበረዶ ስትሸሽ ገባች፣ አባቴም ሰደባትና ተከትሏት ገባ፣ ደስ ስላለውም እዚያው ጨው አሸላት። ከአባቴ ቦታዎች ሁሉ እናቴ የወደደችው ይህን ብቻ ነበር። የቡሄ ማግስት ሙልሙል ይዛ መጥታ፣ ፀሐይ በውኃው ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እየተንቀሳቀሰ፣ ተቀመጠችና ይኸ እንኳ ጓዳ ይወጣዋል አለች። ከዚያ ወዲያ የዳሚት ጓዳ እንለው ጀመር። እናቴን እንደዚያ ቀን ተዝናንታ አይቻት አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየኋት።

ክፉው ዘመን ቀስ እያለ መጣ። ንጉሡ ከተማችን ላይ ከርመው ሠራዊቱ አገሩን ሞላው፣ በየቤቱ እያበሉ የሚያሳድሩት ወታደር ተመራ፣ ለእኛም አንድ ደረሰን። የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ሲበላ የሚስቅ፣ ሕፃን ወንድሜን አያሌውን ጭኑ ላይ እያስቀመጠ የሚያጫውት ሰው ነበር፤ እያጫወተም ያለንን ሁሉ ጨረሰው። በጓሯችን የቀበርነውን እህል መሬቱን በጦሩ እየወጋ አገኘው፣ እንዳገኘም አባቴን ጥሩ ቀባሪ ነህ ብሎ አመሰገነው። በዙሪያችን በሬው ታርዶ መሬቱ ጦሙን አደረ።

የተረፈን ገብስ ለዘር ያስቀመጥነው ብቻ ነበር፣ እሱም ከቤት ጣራ ሥር ተሸሽጎ። ክረምቱ ሳይወጣ አባቴ ቅጠል የሚያመጣ መስሎ፣ ጠዋት ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያለ፣ ዳሚትን ጭኖ ዋሻው አስገባው። እናቴም አያሌውን አዝላ፣ ለወታደሩ ዘመድ ልትጠይቅ እንደሆነ ተነግሮት፣ እህሉን ልትጠብቅ እዚያው ልትከርም ሆነ። ስትሄድ ደጁ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።

«ቦታውን ማን ማን ያውቀዋል?» አለችው።

«እኔ፣ አንቺ፣ የሻረግ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማን አለ።»

ዳሚት በመካከላቸው ቆማ በጆሮዋ ዝንብ ታባርር ነበር።

ጥቅምት ላይ ንጉሡ ከተማውን ለቀው ሊሄዱ ነው ተባለ፣ መድፉ ሊጎተት፣ ጓዙ ሊጫን የጭነት ከብት ሁሉ ይያዝ ተባለ። የእኛ ወታደር አፍሮ መጥቶ ዳሚትን አለ። አባቴ የነጋዴ ነገር ሆኖበት አርጅታለች፣ እግሯን ያማታል እያለ ሊከራከር ሞከረ። ወታደሩ እየሳቀ ልጓሙን ተቀበለው፣ ዳሚትም ከመሄዷ በፊት ጨው ፈልጋ የአባቴን መዳፍ ላሰችው። ከጓደኞቹ ጋር በጉና ሥር በሚያልፈው መንገድ ሲነዷት፣ አባቴ መዳፉን እንደዘረጋ ቀረ። ፊቱ ተለወጠ።

«የሻረግ፣ እሷን አልቆጠርናትም» አለኝ።

ከዚያ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት፣ ማልቀስ የጀመርኩት ግን ምን እንደሆነ ገብቶኝ ሳይሆን አባቴ ሲሮጥ አይቼው ስለማላውቅ ነበር። ከጅረቱ ሳንደርስ ሲመለሱ አገኘናቸው፤ ዳሚት የገብስ ስልቾቻችንን ተጭና ከፊት ትመጣለች።

«አንተ ሰውዬ፣ በቅሎህ ካንተ ትሻላለች» አለው ወታደሩ። «ምን ብንመታት አልሄድ ብላ፣ ሳንጠይቃት ጓዳችሁ አገባችን።»

አባቴ በጎናቸው አልፎ ወደ ዋሻው ሮጠ።

እናቴን ከዋሻው ወለል ላይ የፈሰሰውን ገብስ አንድ በአንድ ስትለቅም አገኘናት። ማንም አልነካትም። እንዲህ ብቻ አለች፦ «እጄን ስትልሰኝ እርስዎ የመጡ መስሎኝ እሰይ አልኩ።»

ወዲያው ከከተማው በኩል ጭስ ተነሣ፣ ሠራዊቱ ሲወጣ እሳት ለቆበት ነበር፤ ስንመለስ ቤታችን ከሌሎቹ ጋር ተቃጥሎ ጠበቀን። ከወለሉ የለቀምነው ገብስ ለአንድ ሰሞን ቆሎ ሆነ። አያሌው ሊቆም ሊቆም ሲል ነበር፣ ከዚያ መቆሙን ተወው፣ መዳሁንም ተወው፣ የጉና ብርድ ሳይጠና ቀበርነው። እናቴ ለመሬቱ የሚዘራ ሳይኖራት ዝናቡን ጠበቀች፣ ሲመጣም ቆማ አየችው፣ ያን ክረምት አልጨረሰችም። አባቴን አንድም ቀን አልወቀሰችውም፤ ብትወቅሰው ይቀለው ነበር።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ነገደ። ወደ ገበያ ቀጥ ብሎ ይሄድ ጀመር፤ ከነጋዴው ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ዕቃውን ዘርግቶ መሬት መሬቱን እያየ ይቀመጣል። ያሾፉበት የነበሩት ሰዎች ልብ ገዛ አሉት። ዳሚት ከሠራዊቱ ጋር ሄዳ ቀረች፤ ስሟንም እስኪሞት ድረስ አልጠራም።

አሁን ሦስት በቅሎዎች አሉኝ፣ ጨው የሚልሱትም ደጄ ላይ ታስረው ነው። ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች ቅቤ ገዝተው ሲጨርሱ በዚህ አገር ምን የሚታይ ነገር አለ ብለው ይጠይቁኛል፣ እኔም ገበያውን አይታችሁታል እላቸዋለሁ። ያኔ አባቴና እኔ ስንጓዝ የምትቆመው ዳሚት ነበረች። ዛሬ በጉና ሥር ሳልፍ ከጅረቱ መታጠፊያ ስንደርስ በቅሎዎቼ ምንም አያውቁምና ጆሯቸውን እንኳ ሳያቆሙ ያልፋሉ። የምቆመው እኔ ነኝ።