ከከሳሼ ጋር በአንድ ቋጠሮ

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን አገር በያዘበት ዘመን፣ ሽንፋ አካባቢ፣ ማሽላ በሚታጨድበት በኅዳር ወር ነው። ዕድሜዬ ገፍቶ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያን ቀን ግን አልረሳሁም፤ ለግርፋት ወጥቼ በሰላም የተመለስኩበት ነውና።

ደጋ ያለው መንደራችን ሲቃጠል ሚስቴንና ጡት ያልጣለ ልጃችንን ይዤ ወደ ቆላ ወርጄ ነበር። አገሬው አያውቀኝም። ባገኘሁበት ማሳ በቀን ሥራ አጭዳለሁ፤ ሥራ ሲጠፋ ጦማችንን እናድራለን።

አንድ ጠዋት አያ ደረሰ የሚባል ገበሬ ከአውድማው ማሽላ ተሰረቀበት። ዱካው በጎጆዬ ደጅ አልፎ ስለተገኘ "ሌባው ይህ መጤ ነው" አለ። ብምል ብገዘት የሚሰማኝ ጠፋ። እንዲያውም "ባልረታው ለዳኛው ማር ላግባ" ብሎ በሰው ፊት ተወራረደ። እኔን ዋስ ጥራ አሉኝ። ለመጤ ማን ዋስ ይሆናል?

ያኔ ዋስ ያጣ ተከሳሽ እንዳያመልጥ ከከሳሹ ጋር ቁራኛ ይታሰር ነበር። ሰንሰለት ስላልነበረ የሁለታችንን ኩታ ጫፍና ጫፍ ቋጠሩና አርበኞች ወደሾሙት ዳኛ ላኩን። ከተረታሁ አርባ ጅራፍ ይጠብቀኛል።

መንገዱን ስንጀምር አያ ደረሰ ሲፈጥን ኩታው ይጎትተኛል፤ እኔ ስዘገይ እርሱን ያንቀዋል። ፀሐይ ስትበረታ ወባዬ ተነሳብኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ።

"ፈተኸኝ ሂድ። እዚሁ ልሙት" አልኩት።

"ዝም በል፤ ጉልበትህን አትጨርስ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በደንብ አላስታውስም። አውሮፕላን ሲያጓራ እየጎተተ ቁጥቋጦ ሥር እንዳስገባኝ፣ ወንዙ ዳር በመዳፉ ውሃ እንዳጠጣኝ ትዝ ይለኛል። የቀረውን መንገድ በጀርባው አዝሎኝ ነው የደረስነው።

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። ሾላ ጥላ ሥር ተቀምጠው ክሱን ሰሙና "ሲሰርቅ አይተኸዋል?" አሉት።

"አላየሁም ጌታዬ። ዱካው ግን በደጁ አልፏል።"

"እንግዲያው ሌባው እርሱ ነው ብለህ መስቀሉን ይዘህ ማል። ከማልክ ይገረፋል።"

ከዳኛው ጎን የተቀመጡ ቄስ መስቀሉን ዘረጉለት። ጅራፍ የያዘ ሰው ከበስተኋላዬ ቆሟል። በዚያ ትኩሳት ላይ ግርፋቱ እንደማያተርፈኝ አውቄ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አልምልም" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ምነው?" አሉ ዳኛው።

"ጌታዬ፣ ይህ ሰው መንገዱን ሙሉ ሲቃዥ ነው የመጣ። ሚስቱን 'ልጁ ምን ቀመሰ? ቅጠልም ቢሆን ቀቅይለት' እያለ ሲለምናት ሰማሁ። ማሽላዬ ከቤቱ ቢኖር እንዲህ ብሎ አይቃዥም። ያላየሁትን ምዬ ነፍሴን አላስኮንንም።"

እኔ እንዲህ ማለቴን አላውቅም ነበር።

"ተረትተሃልና ማሩን ታገባለህ" አሉት ዳኛው።

"አገባለሁ ጌታዬ።"

"ሂድ ልጄ፣ ነጻ ነህ" ሲሉኝ ተነሥቼ መቆም አቃተኝ። እዚያው መሬት ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቋጠሮው ጠብቆ እንቢ ስላለ አያ ደረሰ በጥርሱ ነክሶ ፈታው። እዚያው አድረን በማግስቱ ደግፎ ቤቴ ድረስ አመጣኝ።

ማሽላውን ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ ቀረ። ያኔ ያልራበው ሰው አልነበረምና እኔም ልፈርድበት አልችል።

ያን ቀን ከሳሼ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ሳስብ ዛሬም ጀርባዬን ይበርደኛል። ወዲያው ግን ሚስቴ በእግሬ ቆሜ ስመጣ ስታየኝ ያቀለጠችው እልልታ ይመጣብኝና ደረቴ ቀለል ይለኛል። ሠፈሩ ሁሉ ሙሽራ የገባ መስሎት ከየጎጆው ወጥቶ ነበር።