ዋልያው

የሚስቴን አባት ኳስ ማሳያ ቤት ሳያቸው ያንገሸግሸኛል። ከደብረ ታቦር ወጥተው ከአንበሳሜ ገበያ ያላለፉ ሰው፣ ብሔራዊ ቡድናችን በተጫወተ ቁጥር «ዋልያ የተባሉት ገደል ስለማይፈሩ ነው» ይላሉ። እኔ ስሜን ተራራ ላይ ሁለት ዓመት ዋልያ ጠብቄያለሁ። ግን አማች ነኝና ወንበሬን ለቅቄላቸው፣ ቆሜ እሰማለሁ።

ባለፈው ሦስት ለባዶ ስንሸነፍ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባባ፣ አንቱ አይተውት አያውቁም እንጂ ዋልያ ሰው ሲያይ ይሸሻል። ስሙ የወጣላቸው ለዚህ ይሆናል» አልኋቸው።

ቤቱ ሙሉ ሰው አውካካ። እሳቸው ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም።

«አንተስ የስሜንን ብርድ ሸሽተህ አይደል የመጣኸው?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ዋልያው ይለኛል። ሚስቴም ጭምር።