አራት ሆነን ያለፍነው ፈተና

ባለቤቴ መከልከል አይወድም። «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» የሚል ምልክት ሲያይ፣ ማቆም ባይፈልግም እንኳ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ምልክቱን ገላምጦት ያልፋል። እንግዲህ አንድ የኢንቨስትመንት አፕ «ይህ ለእርስዎ ተስማሚ አይደለም» ብሎ በመለሰው ሳምንት፣ ለንደን ቶተንሃም ያለው ቤታችን ምን እንደሚመስል መገመት ነው።

ሥራው ሚኒካብ የሚሉትን በስልክ የሚጠራ ታክሲ መንዳት ነው። የአሮጌ መኪናው ፈቃድ ሊያልቅ ስለነበር ቀጣዩ በከተማው ደንብ የግድ ኤሌክትሪክ መሆን ነበረበት። ለቅድሚያ ክፍያው ለዓመታት አብረን አጠራቅመን ትንሽ ነበር የቀረን። ያችን ትንሽ ተጨማሪ ሰዓት ሠርቶ መሙላት ሲችል፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አንድ ሾፌር ጓደኛው ስለ አንድ ፈንድ አወራለት። የአክሲዮን ገበያው በቀን አንድ እጅ ሲወጣ ይኼ ፈንድ ሦስት እጅ ይወጣል። ሲወርድም ሦስት እጅ ይወርዳል፤ ይህን ሁለተኛውን ጓደኛው ፈጠን አድርጎ ነው የተናገረው።

ፈንዱን ለመግዛት ግን መጀመሪያ ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። ሰው የማያውቀው ነገር ውስጥ እንዳይገባ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ያመጡት ነገር ነው። ባለቤቴ ብቻውን ተፈተነና ወደቀ። ሁለተኛ ከወደቀ ደግሞ ለወራት ይቆለፍበታል።

«በገዛ ብሬ ሪጀክት አደረጉኝ» አለኝ። «ታች መንገዱ ላይ ያሉት ቤቲንግ ቤቶች ማንን ይፈትናሉ? ደሞዝሽን ይዘሽ ብትገቢ በሩን ከፍተው ነው የሚቀበሉሽ።»

እሱ ላይ እንኳ እውነቱን ነበር።

እኛ ደግሞ ከመካከላችን አንድ ሰው ፈተና ከወደቀ ዝም ብለን አናይም። የዜግነት ፈተናውን ጊዜ ግማሹ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው እየተቀባበለ ያስጠናው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳሎናችን ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ። ሾፌር ጓደኛው መጣ። ከላይኛው ፎቅ ጋሼም ወረዱ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፣ ፈተና ካለ መነጽራቸውን ይዘው ከተፍ ነው። ሾፌሩ ጥያቄውን ያነባል፣ ጋሼ በአማርኛ ያብራራሉ፣ ሦስቱም ይጨቃጨቃሉ፣ በመጨረሻ ባለቤቴ ስልኩን ይጫናል።

«አትቸኩል» ይላሉ ጋሼ። «ትክክለኛው መልስ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ነው። እኔ ራሴ ፈተና ሳወጣ እንዲያ ነበር የማደርገው።»

በዚህ ዘዴ ሩቅ ሄዱ። የተቸገሩት መጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው፤ ካስገቡት ገንዘብ ምን ያህሉን ሊያጡ ይችላሉ ይላል። ሾፌሩ ግማሹን አለ። ጋሼ ነገሩ በሦስት ስለሚሠራ ሲሶውን መሆን አለበት አሉ። ባለቤቴ እሱ ስለማይከስር ጥያቄው እንደማይመለከተው ገለጸ። ኩሽና ሽንኩርት እየከተፍኩ የማዳምጠው እኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሁሉንም» ብዬ ጮህኩ። «ሁሉንም ነው የምታጣው። የመኪናውን ብር በሙሉ።»

ወዲያው ጭብጨባ ሰማሁ። «ሁሉንም» የሚለውን ተጭኖት አልፏል። ላስፈራራው የተናገርኳት ቃል የጎደለችውን አንድ ማርክ ሞላችለት። ኩሽና ድረስ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ከንዴቴ ብዛት አለቀስኩ፤ ሽንኩርቱ ሰበብ ሆነልኝ።

«አትስጊ» አለኝ በማግሥቱ። «ሁለት ዓይነት ነው የገዛሁት። አንዱ ገበያው ሲወጣ ያተርፋል፣ ሌላው ሲወርድ ያተርፋል። ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ሌላ የት ይሄዳል?»

ገበያው የትም አልሄደም። ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወርዳል፣ ከነገ ወዲያ ተመልሶ ይወጣል። ባለቤቴ ተሳፋሪ ባወረደ ቁጥር ስልኩን ቼክ ያደርጋል። ከወራት በኋላ ገበያው እዚያው የጀመረበት ቦታ ላይ ሲገኝ፣ የእኛ ሁለት ፈንዶች ግን ሁለቱም ከስረው ነበር። ይህን ማመን አቃተው። ተወራራጆቹ ሁለቱም የሚሸነፉበት ውርርድ በየት አገር አለ ይላል።

ጋሼ እንደገና ወረዱ።

«መቶ ብር በአሥር በመቶ ቢወርድ ዘጠና ይሆናል» አሉ። «ዘጠናው በነጋታው በአሥር በመቶ ቢወጣ ዘጠና ዘጠኝ እንጂ መቶ አይሆንም። ይኸኛው ደግሞ በየቀኑ በሦስት እየተባዛ ነው። ገበያው ወዲያ ወዲህ ባለ ቁጥር ሁለቱም ይሸረፋሉ።»

«ይህን ያን እሑድ ለምን አልነገሩንም ጋሼ?»

«ያን እሑድ የተፈለገው ማለፍ ነበር» አሉኝ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ካጠራቀምነው ግማሹ እንኳ አልተረፈም። መኪናው ቀረ፤ ባለቤቴ ዛሬም በየሳምንቱ ኪራይ እየከፈለ በሰው መኪና ነው የሚሠራው። አሳዘነኝ፣ አናደደኝም፤ የትኛው እንደሚበልጥ እንደ ቀኑ ነው። እሱ ደግሞ አቋሙን ገለበጠ።

«መንግሥት ይህን ነገር ለተራ ሰው ለምን አይዘጋውም?» ይላል። «ባንኮቹ እርስ በርሳቸው ይጫወቱበት።»

«ዘግተውብህ ነበር። ሰው ሰብስበህ በሩን ገነጠልከው።»

«አንቺም ነበርሽበት።»

እኔ በጉዳዩ እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። አዋቂ ሰው በገዛ ገንዘቡ ሌላ ሲያዝበት ደስ አይለኝም። የባለቤቴ ፈተና ግን ሦስት እጥፍ ቢከብድ ኖሮ ደስታዬ ነበር።

በቅርቡ ታናሽ ወንድሜ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከስትሪትሃም መጣ። ሠርጉ ደርሷል፤ ያጠራቀመው ብር ለአዳራሹ ስላልበቃው፣ ኪሳራችንን ሳይሰማ ያንኑ ፈንድ ሊገዛ ሞክሮ አንዴ ወድቋል።

«አንተ ፓስ አድርገህ የለ?» አለው ባለቤቴን። «ቁጭ በልና አሳየኝ።»

ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ አጠገቡ ተቀመጠ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ልጮህ ተዘጋጅቻለሁ። ጥያቄው ተነበበ፤ ባለቤቴ ፍርጥም ብሎ መለሰ። ስህተት ነው። ሁለተኛውንም መለሰ፣ እሱም ስህተት። የከሰረበትን ነገር አሁን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ አንዱንም በትክክል አልመለሰም። መጨረሻ ላይ ምን ያህል ሊያጡ ይችላሉ የሚለው መጣ። ቀና ብሎ አየኝ። አፌን ዘጋሁ።

«ከሲሶው አይበልጥም» አለው። «ጋሼ ናቸው ያስረዱኝ።»

ወንድሜ ወደቀ፤ አፑም ተቆለፈ። እስኪከፈት ሠርጉ ያልፋል፣ ብሩም ለድግሱ ይውላል።

«ታዲያ አንተ እንዴት አለፍክ?»

«በዕድል» አለ ባለቤቴ።

ልሸኘው ስወጣ ወንድሜ ኮቱን እየለበሰ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልሞከረም። «እህቴ፣ ባልሽ እኮ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም» አለኝ። የክልከላ ምልክት የሚገላምጠው ሰውዬ ሳሎን ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በሩን ዘጋሁና ሄጄ ግንባሩን ሳምኩት።