እንግሊዝኛ በውርድ ንባብ

ልጄ ሞጣ ሆስፒታል ነርስ ናት። ባሏ በመንግሥት ሥራ ሌላ ወረዳ ተመድቦ ስለነበር አንዲት ልጃቸውን ብቻዋን ነበር የምታሳድገው። ሞባይል ስልክ ወደኛ አገር በገባ ሰሞን፣ እኔ ብቸና ቤቴ ተቀምጬ ጡረታዬን ስበላ ደወለችልኝ።

"አባባ፣ መጥተው ከኛ ጋር ይሰንብቱልኝ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ደኅና ነኝ። የልጅቷ የቤት ሥራ በዝቶ ነው። እኔ ተረኛ ስሆን አብሯት የሚቀመጥ ሰው የለም።"

"በምን ቋንቋ ነው የቤት ሥራው?"

"አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው።"

"እኔ ከእንግሊዝኛ የማውቀው 'ዩሪያ' እና 'ዳፕ' ነው።"

"ማስተማሩን ትምህርት ቤቱ ያስተምራል። ከእርስዎ የሚፈለገው መቀመጥ ነው።"

መቀመጥ ደግሞ የተካንኩበት ሙያ ነው። በግብርና ጽሕፈት ቤት የማዳበሪያ መጋዘን ኃላፊ ሆኜ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። ዩሪያና ዳፕንም ያስተማረኝ ጆንያው ነው።

ከመሄዴ በፊት ጎረቤቴን ልሰናበተው ገባሁ። ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማረ መምህር ነው፤ እሱም ጡረተኛ ነው። የልጅ ልጄ የግል ትምህርት ቤት መግባቷን ስነግረው ከንፈሩን መጠጠ።

"እኔ የብቸናን ግማሽ በነፃ አስተምሬያለሁ" አለኝ።

"አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የብቸና ግማሽ ማባዛት የማይችለው።"

"ሌላው ግማሽ መደመርም አይችልም። ስማ አንተ ሰውዬ፣ ጎበዝ ልጅ የትም ይማራል። ሰነፍ ልጅ የትም አይማርም። እነሱ የሚሸጡላችሁ ከረባት ነው።"

ይህን በልቤ ይዤ፣ በደብረ ወርቅ በኩል የመንገዱን አቧራ ስቅም ውዬ ሞጣ ገባሁ።

ከረባቱ እውነት ነበር። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንገቷ ላይ በላስቲክ የምትጠልቅ ቀይ ከረባት አለቻት። ቦርሳዋ ከኋላ ሲያዩት ቦርሳው ልጅቷን ይዞ የሚሄድ ይመስላል። ትምህርት ቤቱ የግለሰብ ቪላ ተከራይቶ፣ አጥሩን በእንስሳት ሥዕል አስጊጦ የተከፈተ ነው። ዓርብ ዓርብ ፈተና አለ። ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል። በከተማው "እዚያ የገባ ልጅ አይወድቅም" ይባልለታል፤ ለዚህም ነው ልጄ ቤቷ አጠገብ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት እያለፈች ልጇን እዚያ የምትወስደው።

"ያንቺ ትምህርትስ?" አልኳት በመጣሁ ማግስት። ዲፕሎማ ነው ያላት፤ ዲግሪዋን ለመቀጠል ስታስብ ዓመታት አልፈዋል።

"ባንድ ደመወዝ ሁለታችንም አንማርም፣ አባባ። ዘንድሮ ተራው የሷ ነው። አንደኛ ክፍልን እዚህ ጨርሳ መሠረት ትያዝ። ለከርሞ ወደ መንግሥት አዛውራትና እኔ እመዘገባለሁ።"

እቅዱ ይኸው ነበር። አንድ ችግር ነበረው፤ ልጅቷ አምና መዋዕለ ሕፃናቱ የመጨረሻ ክፍል፣ እነሱ ዩኬጂ የሚሉት ውስጥ፣ የገባችው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ጓደኞቿ ቀድመዋታል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ አልነበረም።

በየቀኑ ወላጅ የሚፈርምበት ኮሚኒኬሽን ቡክ የሚሉት ደብተር ይመጣል። የመጀመሪያ ቀን፣ ለወላጅ አስተያየት በተተወው ቦታ ላይ እጄ በለመደው ሄዶ "ከላይ የተጠቀሰው የቤት ሥራ ሳይጎድል መረከቤን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ልጄ አይታ ሳቋን መያዝ አቃታት። ከዚያ ወዲህ ፊርማ ብቻ ተፈቀደልኝ።

የቤት ሥራው በአብዛኛው ንባብ ነበር። ልጅቷ መጽሐፉን ትዘረጋለች፣ ታየኛለች። እኔም መጽሐፉን አያለሁ። ሥዕሉን አውቀዋለሁ፤ ላም ነው። ከሥሩ የተጻፈው ግን ዩሪያም ዳፕም አይደለም። ሁለታችን ላሚቱን ስናይ እናመሻለን።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ስማር ግዕዝ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቢሆንም አነብ ነበር። የኔታ ቃሉን ይሰጡናል፤ እኛ በስንደዶ እየነካን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ጀምረን ቀስ እያልን እያወረድን እንለዋለን። ውርድ ንባብ ይባላል። ዜማው ቃሉን ጎትቶ ያመጣዋል።

"መምህርሽ ዛሬ ይህን ስታነብ ሰምተሻል?"

"አዎ።"

"በይ ቃሉን አንቺ አምጪ፣ ማውረዱን ለኔ ተይው።"

አንድ ስንደዶ ቆረጥኩላት። "ዚስ... ኢዝ... ኤ ካው..." እያለች፣ መጨረሻዋን ላሟ ላይ እያሳረፈች ወረደችው። ተመልሳ ወረደችው። ከሳምንት በኋላ መጽሐፉን እስከ ደረሱበት ገጽ ድረስ ሳትደናቀፍ ታወርደው ጀመር። ልጄ ከሥራ ስትመጣ በር ላይ ቆማ ትሰማና ነጭ ጋወኗን ሳታወልቅ ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ውጤት ሲመጣ በንባብ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣች።

ብቸና ደወልኩ። "እንግሊዝኛ ማስተማር ጀምሬያለሁ" አልኩት ጎረቤቴን።

"አንተ?"

"እኔ። ከረባት አላደረግሁም እንጂ።"

"እግዚአብሔር አገሪቱን ይጠብቃት" ብሎ ዘጋው።

ብዙም ሳይቆይ በደብተሩ ላይ ወላጅ እንዲመጣ የሚል መልእክት መጣ። ልጄ ተረኛ ስለነበረች ጋቢዬን በኮቴ ላይ ጥዬ ሄድኩ። ሽልማት ነው ብዬ ነበር። ሽልማቱን እንዴት አድርጌ እንደምቀበል፣ "ኧረ እኔ ምን አደረግሁ" እንደምል ሁሉ መንገድ ላይ ተለማምጃለሁ።

ግቢው ስገባ ከአንደኛ ክፍል መስኮት ድምፅ ይወጣል። ክፍሉ በሙሉ፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ እንግሊዝኛውን በውርድ ንባብ እያወረደው ነው። ልጅቷ በእረፍት ሰዓት አስተምራቸዋለች። ቆሜ ሰማሁ። ጥሩ ነበር፤ ማሳረፊያው ላይ ትንሽ ይቸኩላሉ።

ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስገባኝ። ወጣት ነው፣ ጠረጴዛው ትልቅ ነው።

"አባቴ፣ ይህን ድምፅ ይሰማሉ?"

"እሰማለሁ።"

"ወላጆች እየደወሉልን ነው። አንዱ 'ለድቁና ነው ወይስ ለአካዳሚ ነው የከፈልኩት' ብሎኛል።"

"የልጁ ድምፅ ጥሩ ከሆነ ሁለቱም ይሆንለታል" አልኩ። አልሳቀም።

አጠገቡ የተቀመጠችው የክፍሉ መምህርት ገና ልጅ ናት። "እኔ ያስጠራሁዎት በዜማው አይደለም" አለች ቀስ ብላ። የልጅ ልጄን አስጠራቻት፤ ስንደዶዋን እንደያዘች መጣች። መጽሐፉን ከመካከል ገልጣ፣ ሥዕሉን በእጇ መዳፍ ሸፈነችውና "አንብቢልኝ" አለቻት።

ልጅቷ ገጹን አየች። "ከመጀመሪያ ልጀምር?" አለች።

"አይ፣ ከዚህ።"

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥታ በለሆሳስ እየወረደች ነበር፤ እዚያ ገጽ ስትደርስ ድምፅ አወጣችና በትክክል አለችው። መምህርቷ አላቋረጠቻትም። ሲያበቃ ገና ያልተማሩትን ገጽ ገለጠች። ልጅቷ ስንደዶዋን የመጀመሪያው ቃል ላይ እንዳሳረፈች ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ወደ ክፍሏ ከተመለሰች በኋላ መምህርቷ "ሴሚስተሩን ሙሉ የምታነብ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። "ጣቷን ቃሉ ላይ በትክክል የምታሳርፍ ከክፍሉ እሷ ብቻ ናት። ኋላ ግን አንድ ቀን መጽሐፏን ገልብጣ ይዛ ስታነብ አየኋት።"

ርእሰ መምህሩ ቁርጡን ነገረኝ። ማንበብ ሳትችል ሁለተኛ ክፍል አታልፍም። የሚሻለው አሁኑኑ ወደ ዩኬጂ ተመልሳ ብትጀምርና ለከርሞ አንደኛ ክፍልን እንደገና ብትማር ነው። ወላጅ ካልፈለገ መሸኛ ይሰጣል።

መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ አቡጊዳ ነበር። የጥንት አባቶቻችን ሀ ሁን በቃሉ የሚያወርድ ልጅ እንዳያታልላቸው ፊደሉን በትነው እንደገና ደርድረውታል፤ አቡጊዳ የሚባለው ያ ነው። ለኔ ቢጤ የተበጀ ወጥመድ ነው። እኔ ደግሞ ከየኔታ ትምህርት ውርድ ንባቡን አስታውሼ አቡጊዳውን ዘልዬዋለሁ።

ለልጄ ነገርኳት። አልተቆጣችም።

"ማን ነው ያወቀው?" አለችኝ።

"መምህርቷ።"

"እንዴት አወቀች?"

"ሥዕሉን በእጇ ሸፈነችው።"

የልጅቷን ቦርሳ አንሥታ መጻሕፍቱን ማስተካከል ጀመረች። እኔ ሐሳቤን አዘጋጅቼ ነበርና ጀመርኩ። "ወደ መንግሥት ትዛወር። እዚያ ከእኩዮቿ ጋር አንደኛ ክፍል ትቀጥላለች፣ አታፍርም። አማርኛውን እንደሆነ ጥሩ ታነባለች። አንቺ ለከርሞ ያልሽውን ትመዘገቢያለሽ። እንግሊዝኛውን እኔ..."

"እርስዎማ አስተምረዋል" አለች።

የሚገባኝ ነበር።

ይደግፈኛል ብዬ ወደ ብቸና ደወልኩ። ጎረቤቴ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠና ሳቀብኝ፤ ከዚያ "ያልተገላበጠ ያራል አይደል የሚባለው" አለ። "አውጧት። በቃል ማነብነቡንማ እኛ በነፃ እናስተምራለን።"

"አንተ ስታስተምር ሥዕሉን ሸፍነህ ታውቃለህ?"

"ሰማንያ ልጅ ነበረኝ እኮ" አለኝ። "የማንን ሥዕል ልሸፍን?"

"እንግዲህ ምን ትመክረናለህ?"

"ልጅህ ካሰበችው በላይ አታስብላት" አለና ስለ ዝናቡ ያወራኝ ጀመር።

ልጄ ውሳኔዋን የነገረችን በማግስቱ ቁርስ ላይ ነው። ልጅቷ ወደ ዩኬጂ ትመለሳለች።

"ያ እኮ አንድ ዓመት ይጨምራል" አልኳት።

"ይጨምራል።"

"ዓመቱ ያንቺ ነው።"

"የኔ ነው።" ዳቦውን ቆርሳ ለልጇ ሰጠቻት። "ሌላ ቦታ እስከ ስድስተኛ ክፍል ማንም ሳያውቅባት ትዘልቀው ነበር። እርስዎም በደስታ ያስዘልቋት ነበር።"

ልጅቷ አለቀሰች። ከረባቱ ያው ነው፣ ግቢው ያው ነው፤ ወንበሩ ግን አጠረባት፣ በሰልፍም ከሁሉ አንገቷ ይበልጥ ነበር። የድሮ የክፍል ጓደኞቿ በእረፍት ሰዓት መጥተው በመስኮት ያዩዋታል። እኔ ማምጣትና መውሰዱ ብቻ ተፈቀደልኝ። የቤት ሥራ ላይ ድምፅ እንዳላወጣ፣ ራሴንም በዜማ እንዳልነቀንቅ ተነገረኝ። መምህርቷ ከትምህርት በኋላ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ታስቀምጣት ነበር፤ ፊደል በተን አድርጋ እየጻፈች፣ አገናኚ እያለች።

ትምህርት ቤቱ የተከፈለበትን ያህል ነው ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ብቸና፣ በተለይ ያ ጎረቤቴ። ዓርብ ዓርብ የሚፈትነው ያ ሁሉ ፈተና ልጅቷ እንደማታነብ አላወቀም፤ ሁለተኛ አውጥቷታል። ያወቀችው አንዲት ልጅ እግር መምህርት ናት፣ ለማወቅም ጊዜ ያገኘችው ልጆቹ ሠላሳ ስለሆኑ ነው። ሠላሳ የሆኑት ደግሞ ስለሚከፈል ነው። ልጄ ዲግሪዋን ዘግይታ ጀመረች፤ አብረዋት የተቀጠሩት በደረጃ ቀደሟት። ይህን አንሥታብኝ አታውቅም፤ እኔም እንዳላነሣው እጠነቀቃለሁ።

በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ ወደ ሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ገልብጣ ቁልፏን ትፈልጋለች። አንድ ባዶ የካርቶን ሣጥን ወደቀ። ልጅቷ አነሣችው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንጂ ሥዕል የለበትም። ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አደረገችና፣ ያለ ምንም ዜማ፣ እንደ ደረቅ እንጨት እየሰበረች "ግ... ሎ... ቬ... ስ" አለች።

"ምን ማለት ነው?" አለች።

"ጓንት" አለች እናቷ። አላረመቻትም። ቁልፉን አግኝታዋለች፣ በእጇ ይዛዋለች።

"ከሥሩም ሌላ አለ" አለች ልጅቷ።

"ይረፍድብሻል" አልኳት ልጄን።

"ይርፈድ" አለችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ቀጥይ።"