ደረጃው ላይ የቀረችው ልጅ

በምትሠራበት ሶፋ ቤት ውስጥ «እንዝርት» ይሏታል፤ ቀኑን ሙሉ ስትሾር ስለምትውል። አርባ ሊሞላት ነው፤ እጇ የተባረከ ነው፤ አንድ ቦታ መርጋት ግን አታውቅም። ስፖንጅ እየቆረጠች ጨርቁን ትለካለች፣ ጨርቁን ሳትጨርስ ስልኳን ታያለች፣ ስልኳን አይታ በሩ ድረስ ደርሳ ትመለሳለች። «የሰው መቀመጫ ስትሠሪ ኖረሽ፣ አንቺ መቼ ነው የምትቀመጪው?» ይላታል አለቃዋ። ትስቃለች፤ አትቀመጥም።

ነገሩ የከፋው ባገባች በሦስተኛው ዓመት ነው። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መንገድ ሲጨናነቅ ይዘገያል። ሃያ ደቂቃ ከዘገየ ስልኩን ታንጫጫዋለች፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ሳይተወኝ ልተወው ነው ነገሩ። ሦስት ጊዜ ሻንጣውን እየሳቀ ወደ ቦታው መለሰው። በአራተኛው አልሳቀም።

«እኔን የያዘኝ መንገድ እንጂ ሌላ ሴት አይደለም» አላት። «አንቺ የምትጠብቂው እኔን አይመስለኝም። ማንን እንደሆነ አላውቅም። እባክሽ፣ የሚያውቅ ሰው አናግሪ።»

እየተነጫነጨች ሄደች። የሥነ ልቦና አማካሪዋ ረጋ ብላ የምትናገር፣ ጠና ያለች ሴት ነበረች። እንዝርት ከመግባቷ ወንበሩን ገልብጣ አየችው። «ስፕሪንጉ ሞቷል» አለች። «ማን ነው የሠራልዎት? ተጫውቶብዎታል።» ሴትየዋ ሳቀችና ከፈለገች ቆማም ማውራት እንደምትችል ነገረቻት። አራት ቀጠሮ ሙሉ ቆማ ባሏን አማች፣ አለቃዋን አማች። በአምስተኛው «ልጅ ሳለሽ ማንን ትጠብቂ ነበር?» ስትባል፣ ሳታስበው ታሪኩ ከአፏ አመለጣት።

አምስት ዓመቷ ነበር። እናቷ አክስቷ ቤት ወሰደቻት፣ ደረጃው ላይ አስቀምጣ ጫማዋን አሰረችላትና «አሁን መጣሁ» ብላ ሄደች። ልጅቷ ከደረጃው ወይ ፍንክች። ሽንቷ ሲያመልጣት እንኳ አልተነሳችም፤ ከተነሳሁ ትመጣና ታጣኛለች ብላ። እናትየው ሩቅ አገር ለሥራ ሄዳ ኖሮ፣ በሦስተኛው ዓመት ልብስና አሻንጉሊት ተሸክማ መጣች። ስለ ደረጃው ማንም አላነሳም። ያለፈው አለፈ ተባለ፤ ምሳ ተበላ።

ቁስሉ ገና አፍ ሲያወጣ አማካሪዋ የሁለት ሳምንት ዕረፍት መውጫዋ ደረሰ። የምትመለስበትን ቀን ጽፋ ሰጠቻት። እንዝርት ወረቀቱን መንገድ ላይ ቀዳድዳ ጣለች፤ ቀኑ ሲደርስም ቀረች። አማካሪዋ ደወለችላት። «ሐሙስ ያንቺ ሰዓት ነው፤ ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም።»

ሐሙስ የሄደችው ለመጣላት ነው። «ሁላችሁም አንድ ናችሁ! የሰው ሆድ ትከፍቱና ትሄዳላችሁ!» ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ከዚያም ውጪልኝ እስክትባል ጠበቀች። ሴትየዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«መናደድሽ ልክ ነው» አለቻት። «በይ ቀጥዪ፤ ሰዓታችን አላለቀም።»

በሕይወቷ ተቆጥታ ያልተጣለችበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነበር።

ወራት አለፉ። ባሏ ሲዘገይ ስልክ መደወሏን አልተወችም፤ ሻንጣ ማውረዱ ግን ቀረ። አንድ እሑድ እናቷ ቤት ሄዳ፣ ልብስ ስታጣጥፍ አገኘቻት።

«እማዬ፣ ለምን አሁን መጣሁ አልሽኝ?»

የእናትየው እጅ ቆመ። «ያኔ እውነቱን ብነግርሽ ታለቅሻለሽ። ካለቀስሽ አልሄድም። ካልሄድኩ ምን እንበላለን?»

«እስኪመሽ ጠበቅኩሽ እኮ።»

«አክስትሽ ነግራኛለች» አለችና ማጣጠፏን ቀጠለች። ይቅርታ አላለችም። እንዝርት በሩን ሳትዘጋ ወጣች፤ ሳምንቱን ሙሉ የቆረጠችው ጨርቅ ሁሉ ተበላሸባት።

በሳምንቱ እናትየው ሳትጠራ ሶፋ ቤቱ መጣች። ቦርሳዋን ታገላብጥ ጀመር።

«ያን ቀን የተሳፈርኩበት መኪና ሲነሳ ዞሬ አላየሁሽም» አለች በመጨረሻ። «ባይሽ እወርድ ነበራ። አታለልኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ።»

እንዝርት መቀሱን አስቀመጠች። «አሁንም ያመኛል» አለቻት።

«እኔንም።»

አለቃዋ ከውስጥ ጨርቁ የት ደረሰ እያለ ይጣራል። «ቆይ!» አለችው። እናቷም ስለዚያ መንገድ ለማንም ያልተናገረችውን፣ ከመኪናው መነሻ ጀምራ ትነግራት ጀመር።